ማበረታታት ወይስ መጨቅጨቅ?

ቋንቋና አደብ



በዚህ ዓምድ በየዕለቱ በአንደበታችን የምናመላልሳቸውን ቃላት እያነሳን፣ ትርጉማቸውንና ከኢስላማዊ አደብ ጋር ያላቸውን ግንኙነት ስንመለከት መቆየታችን ይታወሳል። የዛሬውን ርዕስ የሰጠችን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነች አንዲት እህታችን ናት። በላከችልን ደብዳቤ እንዲህ ትላለች፦

‹‹አባቴ ማታ ማታ ስለ ትምህርቴ ይናገሩኛል። እኔ ‹አባባ፣ አይጨቅጭቁኝ› ስላቸው እሳቸው ደግሞ ‹እያበረታታሁሽ ነው እንጂ መቼ ጨቀጨቅሁሽ?› ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት በዚሁ ምክንያት ተኮራርፈን እራት እንኳ አብረን አልበላንም። ከሁለታችን ቃሉን በትክክል የተጠቀመው ማን ነው?››

ጥያቄው ሲታይ የቋንቋ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን አባትና ልጅን ከአንድ ማዕድ የለየ ጥያቄ ስለሆነ ቀላል አይደለም። ስለሆነም ወደ መልሱ ከመሄዳችን በፊት አማርኛችን ሰውን ማነሳሳትን የሚገልጽባቸውን ቃላት በየወገናቸው እንመልከት። ሁሉም ‹‹አንድን ሰው ለአንድ ነገር መገፋፋት›› በሚለው ሐሳብ ይገናኛሉ፤ ሥራቸውና ፍሬያቸው ግን የተለያየ ነው።

ከእጅ የመጡ ቃላት

የመጀመሪያዎቹ ከእጅና ከጣት የመጡ ናቸው። ነካ፣ ጎሰመ፣ ጎነተለ፣ ኮረኮረ፣ ወጋ የመሳሰሉት እዚህ ይመደባሉ። ‹‹ጎሰመ›› በክርን ወይም በጡጫ ጎንን መምታት ነው። ነጋሪትም ይጎሰማል። ‹‹ኮረኮረ›› የሚያስቀው ነው፤ ሲበዛ ግን ያስለቅሳል። ‹‹ጎነተለ›› ከእጅ አልፎ ወደ አንደበት የገባ ቃል ሲሆን፣ ‹‹ጎንተል የምታደርግ ንግግር›› ስንል ፈገግታ የለበሰች፣ ከውስጥ ግን እሾህ ያላት ንግግር ማለታችን ነው። ‹‹ወጋ›› ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ‹‹በነገር ወጋው›› የተባለ ሰው ደም ባይፈስሰውም ቁስሉ ሳይሽር ሊከርም ይችላል። ‹‹ተነኮሰ›› የሚባለው ሳይነኩት ቀድሞ ነገር የፈለገ ሰው ነው። በሁለት ሰዎች ጠብ ውስጥ ሽማግሌዎች አስቀድመው ‹‹ተንኳሹ ማን ነው?›› ብለው የሚጠይቁትም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ያለውን አንድ ርኅራኄ ልብ እንበል። ‹‹ጎሰመው›› እና ‹‹ጎሰም አደረገው›› አንድ አይደሉም። ‹‹ነካው›› እና ‹‹ነካ አደረገው›› አንድ አይደሉም። ‹‹አደረገ›› የሚለው ቃል ሲጨመር ድርጊቱ ይለሰልሳል፣ ያጥራል፣ ገርነት ይጨመርበታል። በሶላት ሰዓት የሚያንቀላፋ ወንድማችንን ‹‹ጎሰምነው›› ካልን አሳምመነዋል፤ ‹‹ጎሰም አደረግነው›› ካልን ግን ረድተነዋል።

የዚህ ዐይነቱ ገር ንክኪ አብነት በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ይገኛል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደተናገሩት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሌሊት ሲሰግዱ እሳቸው ከፊታቸው ተኝተው እግራቸው ሱጁድ ወደሚወረድበት ቦታ ይደርስ ነበር። በዚያ ዘመን በየቤቱ መብራት አልነበረም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሱጁድ ለመውረድ ሲፈልጉ እግራቸውን ነካ ያደርጓቸዋል፤ እሳቸውም ይሰበስባሉ። ሲነሱ ደግሞ መልሰው ይዘረጋሉ። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። ቁጣም ሆነ ንግግር አልነበረም፤ የተኛው ሰውም አልተንቋሸሸም።

በሌላ በኩል በዐረብኛ ‹‹ነዝግ›› የሚባል ቃል አለ። የቋንቋ ሊቃውንት ትርጉሙን በሹል ነገር መውጋት፣ እንስሳ እንዲሄድ ጎኑን እንደሚጠቀጥቁት መጠቅጠቅ ብለው ያስረዳሉ። በቁርኣን ውስጥ ይህ ቃል የሰይጣን ሥራ ሆኖ ይነገራል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኢስራእ ቁጥር 53 ባሮቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ መልካሟን ንግግር እንዲናገሩ ካዘዘ በኋላ ምክንያቱን ሲገልጽ፣ ሰይጣን በመካከላቸው ይህንኑ ነዝግ የሚያደርግ መሆኑን ያስታውቃል። ከዚህ የምንረዳው ሰይጣን ለመውጊያ የሚጠቀምበት እሾህ አብዛኛውን ጊዜ የእኛው ንግግር መሆኑን ነው።

ነቢዩላህ ዩሱፍም (ዐ.ሰ) ከዘመናት መለያየት በኋላ ከቤተሰባቸው ጋር ሲገናኙ የተጠቀሙት ይህንኑ ቃል ነው። ወንድሞቻቸው ከጉድጓድ ጥለዋቸዋል። ሆኖም በሱረቱ ዩሱፍ ቁጥር 100 እንደተወሳው፣ የሆነውን ሁሉ ሲያስታውሱ ሰይጣን በእሳቸውና በወንድሞቻቸው መካከል ነዝግ ማድረጉን ብቻ ጠቀሱ። ጉድጓዱን አላነሱም። በወንድሞቻቸው ላይ ጣት ሳይቀስሩ ተንኳሹን ሰይጣንን አደረጉት። የቆየ የቤተሰብ ጠብ ለማብረድ ለሚፈልግ ሁሉ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከምድጃ የመጡ ቃላት

ሁለተኛው ወገን ከምድጃ የመጣ ነው። ለኮሰ፣ ቆሰቆሰ፣ አራገበ፣ አቀጣጠለ፣ አፋፋመ። በማድ ቤት እሳት ያነደደ ሰው ሁሉ ልዩነታቸውን ያውቃል። የለኮሰው እሳት ከሌለበት እሳት ያመጣ ነው። ያራገበው የተያያዘውን በነፋስ የሚያግዝ ነው። ‹‹ቆሰቆሰ›› ግን ከሁሉም የተለየ ነው። ቆስቋሽ እሳት አያመጣም፤ በአመድ የተሸፈነውን ረመጥ ይገልጣል እንጂ። ስለዚህም ‹‹ጠብ ቆስቋሽ›› የምንለው ሰው ሁልጊዜ ‹‹እኔ ምን አልኩ?›› ለማለት ያመቸዋል። አበው ‹‹በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት›› የሚሉትም ይህንኑ የመሰለውን ነው።

ለዚህ በመዲና የተፈጸመውን እንመልከት። አውስና ኸዝረጅ የተባሉት ሁለቱ ጎሳዎች ከሂጅራ በፊት ለረጅም ጊዜ ይዋጉ ነበር። የመጨረሻው ታላቅ ውጊያቸው ‹‹ቡዓስ›› ይባላል። ኢስላም ከመጣ በኋላ ወንድማማች ሆነው አብረው ይቀመጡ ጀመር። ኢብኑ ኢስሓቅ እንደዘገቡት፣ ሻስ ኢብኑ ቀይስ የሚባል ሽማግሌ ሰው ይህን መዋደዳቸውን አይቶ ስላልተደሰተ አንድ ወጣት ልኮ ከመካከላቸው እንዲቀመጥ አደረገ። ወጣቱ ሰይፍ አላነሳም፤ ስድብም አልተሳደበም። የቡዓስን ቀን ብቻ አስታወሰ፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ወገኖች የተባባሉበትን ግጥም አነበበ። ወዲያው መፎካከር ተጀመረ፣ ‹‹ከፈለጋችሁ አሁንም እንደግመዋለን›› ተባባሉ፣ መሣሪያ ወደ ማንሳትም ደረሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ ፈጥነው ደርሰው፣ እሳቸው በመካከላቸው እያሉና አላህ በኢስላም ልባቸውን ካስተሳሰረ በኋላ ወደ ጃሂሊያ ጥሪ መመለሳቸውን ገሠጹ። ሰዎቹም የሰይጣን ሥራ መሆኑን ተረድተው አለቀሱ፤ እርስ በርስም ተቃቀፉ።

ይህን ታሪክ በጻፍኩ ቁጥር ራሴን አስታውሳለሁ። በአንድ የዒድ ቀን ቤተሰባችን ሁሉ በእናታችን ቤት ተሰብስቦ ሳለ፣ ለታናሽ ወንድሜ እየሳቅሁ ‹‹ጋሼ የአባባን ቤት ኪራይ ብቻውን ሲቀበል አንተ ሽሮህን እየበላህ ዝም ትላለህ?›› አልኩት። ለእኔ ቀልድ ነበር። ሰውም ሳቀ። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ስለ ውርስ ያልተነጋገሩበት ቅሬታ እንዳለ ዐውቅ ነበር። ዐስር ሳይሰገድ ድምፃቸው ከፍ አለ፣ ታላቃችን ልጆቹን ሰብስቦ ወጣ። ሁለት ረመዷን ሙሉ ሰላምታ አልተለዋወጡም። ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ሌሊት በላይ ሊያኮርፍ እንደማይፈቀድለት ሁለቱም ከልጅነታቸው ጀምሮ የተማሩት ነው። እናታችን በነዚያ ሁለት ረመዷኖች አንድ ድስት ሾርባ ለሁለት ሳህን ከፍላ ለሁለት ቤት ትልክ ነበር።

እኔ ‹‹ምን አደረግኩ? ቀልድ ነው እኮ›› ብዬ ስከራከር እናታችን ያለችኝን ዛሬም አልረሳውም። ‹‹አንተማ እሳት አላመጣህም፤ ረመጡን ነው የገለጥከው። የቤቱ መቃጠል ግን ያው ነው›› አለችኝ። በመጨረሻ የታረቁት ሽማግሌዎች ከመላካቸውም በላይ፣ እኔ በሁለቱ ፊት ቀርቤ ነገሩን የቆሰቆስኩት እኔ መሆኔን በአፌ ካመንኩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ‹‹ቆሰቆሰ›› የሚለው ቃል ለእኔ የመዝገበ ቃላት ቃል ብቻ አይደለም።

ዐረቦች ይህን ሥራ ‹‹ተሕሪሽ›› ይሉታል። ቃሉ በመሠረቱ እንስሳትን ለማዋጋት አንዱን በሌላው ላይ ማነሳሳትን ያመለክታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሙስሊም በተዘገበው ሐዲሥ፣ ሰይጣን በዐረብ ምድር ሰጋጆች እንዲያመልኩት ከማድረግ ተስፋ መቁረጡን፣ ሆኖም በመካከላቸው ከሚያደርገው ተሕሪሽ ተስፋ አለመቁረጡን አስታውቀዋል። ይህ እጅግ ያስፈራል። ለጣዖት የማይሰግድ ቤተሰብ በአንዲት ጎንታይ ንግግር ሊለያይ ይችላል ማለት ነውና።

በሱረቱ መርየም ቁጥር 83 ደግሞ ሰይጣናት ከሓዲዎችን የሚያነሳሱበት ሁኔታ ‹‹አዝ›› በሚባል ቃል ተገልጿል። ይህ ቃል ድስት ሲፈላ ከሚያሰማው የመንተክተክ ድምፅ ጋር አንድ ሥር አለው። የሚገርመው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰግዱ ከለቅሷቸው የተነሳ ከደረታቸው ይሰማ የነበረው ድምፅም በሐዲሥ የተገለጸው በዚሁ ሥር በወጣ ቃል ነው። እሳትና ድስት በራሳቸው ክፉ አይደሉም። ልብን ያፈላው አላህን መፍራት ከሆነ ዕንባ ይወጣል፣ ሰይጣን ከሆነ ግን ጥፋት ይወጣል።

እየተመላለሱ የሚመጡ ቃላት

ሦስተኛው ወገን ወደ እህታችን ጥያቄ ያቀርበናል። ጎተጎተ፣ ወተወተ፣ ነዘነዘ፣ ጨቀጨቀ። እነዚህን ቃላት ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። ጎተ-ጎተ፣ ወተ-ወተ፣ ነዘ-ነዘ፣ ጨቀ-ጨቀ። ሁሉም አንዱን ድምፅ ሁለት ጊዜ የሚደግሙ ናቸው። ቃሉ ራሱ ሥራውን ይመስላል። እንደ ጣሪያ ጠብታ አንዱ ሳያቆም ሌላው ይከተላል።

በመካከላቸው ግን ደረጃ አለ። ‹‹ጎተጎተ›› ለክፉም ለደግም ይሆናል፤ ‹‹እስኪያገባ ድረስ ጎተጎትኩት›› ብሎ በኩራት የሚናገር ወዳጅ አለ። ‹‹ወተወተ›› ልመናና ችኮላ አለበት። ‹‹ነዘነዘ›› ሰሚውን ያታክታል። ‹‹ጨቀጨቀ›› ደግሞ በመጨረሻ ሁለት ሰው የሚሳተፍበት ይሆናል፤ ጨቅጫቂው አንድ ቢሆንም ‹‹ጭቅጭቅ›› ግን የጋራ ነው።

በዐረብኛም ‹‹ወስወሰ›› የሚለው ቃል በዚሁ መልክ ወስ-ወስ እያለ የሚደጋገም ነው። የአማርኛው የቁርኣን ትርጉም በሱረቱ ናስ ውስጥ ይህን ወስዋሽ ‹‹ጎትጓች›› ብሎ ተርጉሞታል። ትክክለኛ ምርጫ ነው። ሰይጣን እጅ ይዞ አይጎትትም፤ መልሶ መላልሶ ይናገራል እንጂ። አላህ ሲወሳ ይሸሻል፣ ሰው ሲዘናጋ ይመለሳል።

የሚጎተጉተን ግን ጠላት ብቻ አይደለም፤ ወዳጅም በደግ ሐሳብ ወደ ስሕተት ሊጎተጉተን ይችላል። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ የተቡክ ዘመቻ ሲደረግ ከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ያለ በቂ ምክንያት ቀርተው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመለሱ ሌሎች የሐሰት ምክንያት ሲያቀርቡ እሳቸው እውነቱን ተናገሩ። ከዚያ የገዛ ጎሳቸው ሰዎች ተከትለዋቸው ‹‹ምነው እንደ ሌሎቹ ምክንያት ብትሰጥ›› እያሉ ይወቅሷቸው ጀመር። ከዕብ ራሳቸው እንደተረኩት፣ ውትወታው ስለበዛባቸው ተመልሰው የተናገሩትን እውነት ሊያስተባብሉ አስበው ነበር። ሆኖም ጸኑ፤ ከሃምሳ ሌሊት በኋላም ተውበታቸው ተቀባይነት ማግኘቱ ተበሠረ። ወዳጆቻቸው ያዘኑላቸው መስሏቸው ነበር። ነገር ግን ቢሳካላቸው ኖሮ ያን ታላቅ የምሥራች ያሳጧቸው ነበር። ስለዚህ ሰው ስንወተውት ‹‹ለእሱ ብዬ ነው›› ማለት ብቻ በቂ አይደለም፤ ወደ ምን እየወተወትነው እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

የሚያነሱና የሚያበረቱ ቃላት

አራተኛው ወገን አነሳሳ፣ አበረታታ፣ አደፋፈረ፣ ቀሰቀሰ፣ አግባባ የሚሉት ናቸው። የእነዚህን ሥር ተመልከቱ። አነሳሳ ከ‹‹ተነሳ›› ነው፤ የወደቀ ወይም የተቀመጠ ሰው እንዲቆም ማድረግ። አበረታታ ከ‹‹በረታ›› ነው። ቀሰቀሰ የተኛን ማንቃት ነው። አደፋፈረ ከ‹‹ደፈረ›› የመጣ በመሆኑ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፈራ ልጅን ለመልካም ሥራ ማደፋፈር ምስጋና ነው፤ ግን ‹‹ሌባውን ያደፋፈረው የእኛ ዝምታ ነው›› እንላለን። ‹‹ቀሰቀሰ›› እንዲሁ ነው፤ ለሱሑር የሚቀሰቅስ አለ፣ ሁከት የሚቀሰቅስም አለ።

ከላይ ‹‹ተሕሪሽ››ን አይተናል። በመጨረሻው ፊደል ብቻ የሚለየው ‹‹ተሕሪድ›› ደግሞ ለመልካም ነገር ማነሳሳት ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኒሳእና በሱረቱል አንፋል ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ምእመናንን በጭንቁ ጊዜ እንዲያበረታቱ ያዘዘው በዚህ ቃል ነው። ራጊብ አል-ኢስፈሃኒ ‹‹አል-ሙፍረዳት›› በተባለው የቁርኣን ቃላት መጽሐፋቸው፣ ቃሉ ‹‹ሐረድ›› ከሚለው የመጣ እንደሆነ ያስረዳሉ። ሐረድ ማለት ከሐዘን ወይም ከሕመም የተነሳ መመንመን፣ ለሞት መቃረብ ነው። ስለዚህ ተሕሪድ ማለት ያንን መመንመን ከሰው ላይ ማስወገድ ነው። ልክ በሽተኛን እንደማስታመም ነው! ይህን ስናውቅ ማበረታታት ምን እንደሆነ ይገባናል። ካበረታታነው በኋላ ሰውዬው ይበልጥ ከመነመነ፣ ያደረግነው ተሕሪድ አልነበረም።

ሌላው ‹‹ሐድ›› የሚለው ቃል ነው፤ ማግባባት፣ ማሳሰብ ብለን ልንተረጉመው እንችላለን። በሱረቱል ማዑን የተወቀሰው ሰው ጥፋቱ የቲምን መገፍተሩ ብቻ አይደለም፤ ድኻን በማብላት ላይ ሌሎችን አለማነሳሳቱም ተቆጥሮበታል። ይኸው ወቀሳ በሱረቱል ሐቃና በሱረቱል ፈጅርም ይገኛል። ከዚህ የምንረዳው የሚሰጠው የሌለው ሰው እንኳ አንድ ግዴታ እንዳለበት ነው። ኪሱ ባዶ ቢሆን አንደበቱ ባዶ አይደለም። ራጊብ አክለው፣ ‹‹ሐስ›› የሚባለው ማነሳሳት እየነዱ ማስኬድን ሲጨምር ‹‹ሐድ›› ግን መንዳት የሌለበት መሆኑን ይለያሉ። ከብት ይነዳል፤ ሰው ግን ይግባባል።

ማበረታታትን በተግባር ማየት ለሚፈልግ ሰው እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) አብነት ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሒራ ዋሻ እየተንቀጠቀጡ ሲመለሱ ኸዲጃ ‹‹ወንድ ልጅ ምን ያስፈራዋል?›› አላሏቸውም። አላህ ፈጽሞ እንደማያዋርዳቸው አረጋገጡላቸውና ምክንያቱን ዘረዘሩ። ዝምድናን ይቀጥላሉ፣ የደከመውን ሸክም ይሸከማሉ፣ ለተቸገረው ይሰጣሉ፣ እንግዳ ያስተናግዳሉ፣ መከራ የደረሰበትን ያግዛሉ። ልብ በሉ፤ ያበረቷቸው የጎደላቸውን በመቁጠር አልነበረም፤ ያላቸውንና ያደረጉትን በማስታወስ ነበር።

መጠን ማወቅንም የሚያስተምር አንድ ታሪክ እንጨምር። አንጀሻ የሚባል፣ ጸሐፊዎች ከሐበሻ ወገን እንደነበረ የሚናገሩለት፣ ድምፀ መልካም ግመል ነጂ ነበር። ግመሎች የነጂውን ዜማ ሲሰሙ ይፈጥናሉ። በአንድ ጉዞ ላይ ሴቶች የተጫኑባቸውን ግመሎች በዜማው ሲያፈጥን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀስ እንዲል ነገሩት፤ ሴቶቹንም በሚሰበር ብርጭቆ መሰሏቸው። የአንጀሻ ዜማ ክፉ አልነበረም። ማፍጠኑም ተግባሩ ነበር። ነገር ግን በግመሉ ላይ ማን እንደተቀመጠ ማየት ያስፈልጋል። ልጆቻችንን ስናጣድፍ ስንቶቻችን ነን ብርጭቆው እንዳለ የምናስታውስ?

ወደ እህታችን ጥያቄ ስንመለስ

እንግዲህ እህታችን፣ ከሁለታችሁ ማን ትክክል ነው? ሁለታችሁም ናችሁ። አባትሽ የተናገሩት ስለ ሐሳባቸው ነው፤ አንቺ የተናገርሽው ስለ ደረሰብሽ ነው። እሳቸው ከልባቸው ያወጡት ማበረታታት ነው፤ ጆሮሽ ዘንድ ሲደርስ ግን መጨቅጨቅ ሆኗል። በመንገድ ላይ ምን ለወጠው? ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ መደጋገሙና መነጻጸሩ።

ስለ መደጋገሙ ለአባት እንዲህ እንላለን። ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) በየሐሙሱ ሰዎችን ይመክሩ ነበር። አንድ ሰው በየቀኑ እንዲመክሯቸው ቢጠይቃቸው፣ ሊያሰለቿቸው እንደማይፈልጉና ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) መሰልቸት እንዳይመጣ በመፍራት ምክርን ጊዜ እየጠበቁ ይሰጡ እንደነበር መለሱለት። ሰሓቦች እንኳ የሚሰለቹበት ጊዜ ካለ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ብትሰለች ምን ይደንቃል? ስለዚህ አባታችን፣ በሳምንት አንድ ቀን ከዒሻ ሶላት በኋላ ተቀምጣችሁ ስለ ትምህርቷ ብትነጋገሩ፣ በሌሎቹ ቀናት ‹‹አይዞሽ ልጄ›› ብቻ ብትሉ፣ የሰባቱን ቀን ሥራ አንዱ ቀን ይሠራዋል። ስትጀምሩም እንደ እናታችን ኸዲጃ ያደረገችውን በማስታወስ ጀምሩ።

ስለ መነጻጸሩ ደግሞ፣ ‹‹የጎረቤቷን ልጅ አታይም?›› የሚለው ንግግር ማበረታታት አይደለም። ይህ ጉንተላ ነው፤ በሁለቱ ልጆችም መካከል የሚቀር ረመጥ ነው። አላህ በመልካም ሥራ እንድንሽቀዳደም አዟል፤ ግን የሚሽቀዳደም ሰው የሚሮጠው ወደ ፊት እያየ ነው።

ለአንቺም እህታችን የምንለው አለ። ‹‹አይጨቅጭቁኝ›› የሚለው ቃል እራሱ ይወጋል። አባትን በነገር መውጋት ደግሞ ከወላጅ ሐቅ ጋር የሚጋጭ ነው። በምትኩ ‹‹አባባ፣ ዛሬ ይህን አንብቤያለሁ፤ ይህኛው ግን ከብዶኛል›› በያቸው። ያለሽበትን የሚያውቅ አባት አይወተውትም፤ አብዛኛው ውትወታ የሚወለደው ካለማወቅና ከስጋት ነው። ዛሬውኑ ወደ ማዕዱ ቀድመሽ የምትቀርቢው አንቺ ሁኚ።

ለሁላችንም አንድ መለኪያ ይኑረን። ሰውን ለመገፋፋት አፋችንን ከመክፈታችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፦ ወደ ምን እየገፋሁት ነው? ተናግሬ ስጨርስ ይበረታል ወይስ ይመነምናል? ከአመድ በታች ረመጥ እንዳለ እያወቅሁ ነው የምነካው?

የቤተሰብ መልመጃ

በሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ በባዶው ቦታ ተስማሚውን ቃል ምረጡ፤ ቃላቱም ቆሰቆሰ፣ ቀሰቀሰ፣ አግባባ፣ ወተወተ፣ አደፋፈረ ናቸው።

1. ጎረቤቶቹ ለየቲሞቹ ልብስ እንዲያዋጡ ኢማሙ ጀመዓውን \_\_\_\_\_\_\_።

2. የተረሳውን የድንበር ክርክር አንስቶ ሁለቱን ገበሬዎች ያጣላው፣ ነገር \_\_\_\_\_\_\_።

3. ልጁ ብስክሌት እንዲገዛለት አባቱን ከጠዋት እስከ ማታ \_\_\_\_\_\_\_።

4. ቁርኣን በሰው ፊት ለመቅራት የፈራውን ልጅ ኡስታዙ \_\_\_\_\_\_\_።

5. ባልየው ለሌሊት ሶላት ተነስቶ ሚስቱን \_\_\_\_\_\_\_።

መልስ፦ 1. አግባባ፤ 2. ቆሰቆሰ፤ 3. ወተወተ፤ 4. አደፋፈረ፤ 5. ቀሰቀሰ።

በአምስተኛው ላይ አንድ ነገር እናክል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሌሊት ተነስቶ የሚሰግድና ሚስቱን የሚቀሰቅስ፣ እንቢ ካለችም ፊቷ ላይ ውኃ ረጨት ለሚያደርግ ባል፣ እንዲሁም ባሏን በተመሳሳይ መንገድ ለምትቀሰቅስ ሚስት የአላህን እዝነት ለምነዋል። በቤታችን ውስጥ ከሚደረጉት መቀስቀሶች ሁሉ የተሻለው ይህ ነው። ረጨት ማድረግ እንጂ ማፍሰስ አለመሆኑንም አትርሱ!

አላህ (ሱ.ወ) አንደበታችንን ለመልካም የሚያነሳሳ ያድርገው፤ ከቆስቋሽና ከወስዋሽም ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።